ከካሳ በፊት መከታ

የሰው ልጅ ጎጆ ቀልሶ፣ ከጎረቤት ተጠግቶ መኖር ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ አንድ ጥያቄ አብሮት ኖሯል። ይኸውም አንዱ በሠራው ቤት፣ በቆፈረው ጉድጓድ ወይም በከመረው ክምር ሌላው ቢጎዳ ዕዳው የማን ነው የሚለው ነው። ጥንታውያን ሕግጋት ለዚህ ጥያቄ ሁለት ዓይነት መልስ ሰጥተውበታል። ከ3,700 ዓመት በፊት ገደማ በባቢሎን የነገሠው ሐሙራቢ በድንጋይ ባስቀረጸው ሕጉ፣ ግንበኛ የሠራው ቤት ፈርሶ የቤቱን ባለቤት ቢገድል ግንበኛው እንዲገደል፣ የባለቤቱን ልጅ ቢገድል ደግሞ የግንበኛው ልጅ እንዲገደል ደነገገ። ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 22 ቁጥር 8 የያዘው ትእዛዝ ግን ሌላ መንገድ ይከተላል። በዚያ አገር የቤት ጣራ ዝርግ ነው፤ ሰው ይቀመጥበታል፣ ይመላለስበታል። ስለዚህ ትእዛዙ አዲስ ቤት የሚሠራ ሁሉ በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያበጅ ያዛል፤ ሰው ከዚያ ወድቆ ደሙ በቤቱ ላይ እንዳይሆን።

ሁለቱም ሕግጋት ስለ ቤት ይናገሩ እንጂ ሐሳባቸው ለየቅል ነው። የሐሙራቢ ሕግ የሚነቃው ቤቱ ሲፈርስ ነው። ሟቹን በስም ያውቀዋል፤ ገዳዩንም በጣቱ ይጠቁማል፤ ደምን በደም ያወራርዳል። የመከታው ሕግ ግን ገና ጭቃው ሲቦካ ይነቃል። ከጣራው ላይ ማን እንደሚወጣ አያውቅም፤ ሕፃን ይሁን ሽማግሌ፣ ወዳጅ ይሁን ባላንጣ አይጠይቅም። ገና ያልወደቀን፣ ምናልባትም ፈጽሞ የማይወድቅን ሰው ባለመብት ያደርጋል፤ ገና ምንም ያላጠፋውን ሰው ደግሞ ባለዕዳ ያደርጋል። ዛሬ የአካባቢ ጥበቃ፣ የሕንፃ፣ የሥራ ላይ ደህንነትና የመሬት አጠቃቀም ደንብ እየተባለ የሚጠራው ሁሉ ሲጨመቅ የዚህ የመከታ ትእዛዝ ልጅ ነው። እንግዲህ ሊመረመር የሚገባው የሥነ ምግባር ጥያቄ ይህ ነው፤ ሰው ገና ላልደረሰ አደጋ፣ ለማያውቀው ሰው ሲል፣ ዛሬ ከኪሱ የሚከፍለው ዕዳ አለበትን? ካለበትስ ዕዳውን እንዲወጣ የሚያደርገው ምንድን ነው?

ለጥያቄው የመጀመሪያ ክፍል መልስ መስጠት ቀላል ይመስላል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለውን ተረት የማያውቅ የለምና። ዳሩ ግን በማወቅና በማድረግ መካከል ሰፊ ሜዳ አለ። ለዚህም ምክንያቱ የሰው ክፋት ብቻ ሳይሆን የነገሩ ባሕርይ ጭምር ነው። የመከታ ሕግ ድሉ ድምፅ የለውም። ድልድዩ ሳይሰበር በሰላም የተሻገረ መንገደኛ መሐንዲሱን አያመሰግንም፤ ሊሞት ይችል እንደነበረ አያውቅምና። ወጪው ግን በዐይን ይታያል፤ ሲሚንቶው ይቆጠራል፣ የዘገየው ቀን ይሰላል፣ የቀረው ትርፍ ይጸጽታል። ጥቅሙ ስውር፣ ወጪው ገሃድ የሆነ ነገር ደግሞ በጀት በሚመደብበት ስብሰባ ላይ ጠበቃ አያገኝም። ከዚህ የተነሣ በየአገሩ ሕግ የሚጻፈው ከቀብር መልስ ይሆናል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው።

ለዚህ ከሩቅ አገር አንድ ምሳሌ ማቅረብ ይቻላል። በዌልስ ምድር አበርፋን የምትባል የከሰል ማዕድን ሠራተኞች መንደር አለች። ከመንደሯ በላይ ባለው ተራራ ላይ ከጉድጓዱ የሚወጣው ጥራጊ ለብዙ ዓመታት ሲከመር ኖረ። ሰባተኛው ክምር የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1958 ሲሆን፣ ያረፈውም ምንጭ በሚፈልቅበት መሬት ላይ ነበር። ምንጩ በካርታ ላይ ሳይቀር ተመልክቷል። እ.ኤ.አ. በ1963 የአካባቢው ማዘጋጃ ቤት መሐንዲስ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ የሚከመረው ጥራጊ አደጋ እንዳለው የሚያስጠነቅቅ ደብዳቤ ጻፈ። ጉዳዩ ከቢሮ ቢሮ ተዘዋወረ፤ ክምሩም ማደጉን ቀጠለ። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 21 ቀን 1966፣ ዓርብ ጧት፣ ተማሪዎች ለመጀመሪያው ትምህርት በተቀመጡበት ሰዓት፣ ውሃ የጠገበው ክምር ተንዶ ቁልቁል ወረደና ትምህርት ቤቱንና በዙሪያው ያሉትን ቤቶች ዋጠ። 144 ሰዎች ሞቱ። ከእነዚህ ውስጥ 116ቱ ሕፃናት ነበሩ።

ጉዳዩን የመረመረው ሸንጎ ለ76 ቀናት ተቀመጠ። ጥፋቱ የብሔራዊው የከሰል ቦርድ መሆኑንም በማያሻማ ቃል አረጋገጠ። ይሁን እንጂ ሸንጎው ፈልጎ ያገኘው አንድ ጨካኝ ሰው አልነበረም። ያገኘው አለማወቅን፣ የብቃት ማነስንና እርስ በርስ አለመነጋገርን ነበር። ጥራጊ እንዴትና የት እንደሚከመር የሚደነግግ ሕግም በአገሩ አልነበረም። ሕጉ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው፤ ሕፃናቱ ከተቀበሩ ከሦስተኛው ዓመት ላይ። በመንደሯ አናት ላይ የቀሩት ክምሮች እንዲነሡ ወላጆች በጠየቁ ጊዜም፣ ሕዝብ ለተጎጂዎች ካዋጣው ገንዘብ 150 ሺህ ፓውንድ ተቀንሶ ለማንሻው ሥራ እንዲውል ተደረገ። ሐዘንተኛው ልጁን የገደለበትን ክምር ዓይነት ለማስወገድ ከእንባ ገንዘቡ ከፈለ ማለት ነው። ገንዘቡ የተመለሰው አደጋው ከደረሰ ከ30 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1997 ነበር።

ይህን ታሪክ በሐሙራቢ ሕግ ልዳኘው የሚል ዳኛ ግራ ይጋባል። ግንበኛው ማን ነው? አንዱ ቦታውን መረጠ፤ አንዱ ጥራጊውን ጫነ፤ አንዱ ደብዳቤ ተቀብሎ አስቀመጠ፤ አንዱ ጉዳዩ የሌላ ክፍል ነው አለ። እያንዳንዱ የያዛት የጥፋት ፍርፋሪ ለብቻዋ ስትታይ አንድን ሰው ከእንቅልፉ የምታነቃ እንኳ አትሆንም። ስትደመር ግን 144 ሰው ትቀብራለች። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ከባድ ነው። ሥራ በተከፋፈለበት፣ መሥሪያ ቤት በበዛበት ዘመን ታላቅ ክፋት ክፉ ሰው ሳያስፈልገው ሊፈጸም ይችላል። ካሳና ቅጣት ዘግይተው ሲደርሱ ኃላፊነቱ እንደ ዱቄት በነፋስ ተበትኖ ያገኙታል። ስለዚህ ኃላፊነቱን ሳይበተን በፊት ሰብስቦ፣ ይህ የእገሌ ሥራ ነው ብሎ በአንድ ትከሻ ላይ የሚያስቀምጥ ሕግ ያስፈልጋል። መከታ ከካሳ በሥነ ምግባር የሚበልጥበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ነገር ግን ማስጠንቀቂያው ቀድሞ ከተሰማ ለምን አልተደመጠም? ለዚህ ጥያቄ ሥነ ጽሑፍ ከሸንጎ ቀድሞ መልስ ሰጥቶበታል። የኖርዌዩ ጸሐፌ ተውኔት ሄንሪክ ኢብሰን እ.ኤ.አ. በ1882 ባሳተመው «የሕዝብ ጠላት» በተሰኘው ተውኔቱ ዶክተር ስቶክማን የተባለ ሐኪም የከተማው መታጠቢያ ውሃ በቆዳ ፋብሪካዎች ፍሳሽ መመረዙን ያረጋግጣል። መታጠቢያው የከተማው የገቢ ምንጭ ነው፤ ቧንቧውን እንደገና ለመዘርጋት ብዙ ገንዘብና የሁለት ዓመት ጊዜ ይጠይቃል። የከተማው ሹም የሆነው የገዛ ወንድሙ ነገሩ እንዲዳፈን ይታገላል። መጀመሪያ ያጨበጨቡለት ጋዜጠኞችና ባለንብረቶችም ወጪው በእነሱ ላይ እንደሚወድቅ ሲረዱ ይከዱታል። በመጨረሻም እውነቱን የተናገረው ሐኪም በስብሰባ የሕዝብ ጠላት ተብሎ ይወገዛል።

የተውኔቱ ኃይል በገጸ ባሕርያቱ መካከል ሰይጣን አለመኖሩ ላይ ነው። ሁሉም የየራሱን እንጀራ ይጠብቃል። ይሁን እንጂ ስቶክማን ከደረሰበት መደምደሚያ ላይ አንባቢ ቆም ብሎ ማሰብ ይኖርበታል። ሐኪሙ ብዙኃኑን ንቆ፣ ብርቱ ሰው ብቻውን የቆመ ነው ወደሚል ትምክህት ይደርሳል። የታመመ ውሃ ግን በአንድ ጀግና ትምክህት አይጠራም። እውነት ለመናገር ጀግና መሆን የሚያስፈልግበት ከተማ ቀድሞውኑ የተበላሸ ከተማ ነው። ጀግና ብርቅ ነው፤ አደጋ ግን የዕለት ተዕለት ነገር ነው። ጥሩ ደንብ ማለት እንግዲህ ተራው መሐንዲስ፣ ተራው ሐኪም፣ ተራው የጽዳት ሠራተኛ ጀግና ሳይሆን «ይህ አደገኛ ነው» ብሎ እንዲጽፍ የሚያስችለው፣ ደብዳቤው የደረሰውንም ባለሥልጣን መልስ እንዲሰጥ የሚያስገድደው ነው። የአበርፋኑ ደብዳቤ ጸሐፊ የጎደለው ድፍረት አልነበረም፤ የጎደለው አንባቢውን የሚያስገድድ ሕግ ነበር።

ሕግ ሲኖርስ? ይህን ለመመርመር ወደ አዲስ አበባ መመለስ ግድ ይላል። ረጲ የተባለው ሥፍራ የከተማዋ ቆሻሻ መጣያ ሲሆን ከከተማ ውጭ ነበር። ከ50 ዓመት በላይ የከተማዋ ጥራጊ በዚያው ሲከመር፣ ከተማዋም ወደዚያው ስታድግ፣ ክምርና መኖሪያ ተጎራበቱ። ሕዝቡም ቦታውን ቆሼ ብሎ ጠራው። በክምሩ ላይ ፕላስቲክና ብረታ ብረት ለቅመው በመሸጥ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ ነበሩ፤ በግርጌው ደግሞ ከጭቃና ከላስቲክ የተሠሩ ጎጆዎችም የግንብ ቤቶችም ነበሩ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ምሽት፣ ሰው ወደየቤቱ በገባበት ሰዓት ክምሩ ተናደ። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። ለሦስት ቀናት ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ።

በአበርፋን ሕግ አልነበረም። በቆሼ ግን ነበር። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ማንኛውም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ደንግጓል። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 እና የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 በ1995 ዓ.ም. ወጥተዋል። የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 ደግሞ ክምሩ ከመናዱ 10 ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፣ አዲስ ስለሚሠሩት ማስወገጃዎች ብቻ ሳይሆን ከእሱ በፊት የነበሩትም እንዲመረመሩ አዟል፤ የማስወገጃ ሥፍራ ባለቤትም ጥፋት ባይገኝበት እንኳ ለሚደርሰው ጉዳት ተጠያቂ እንደሚሆን ደንግጓል። ቃሉ ሳይጎድል ሰው ተቀበረ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የሚባለው ለዚህ ዓይነቱ ሕግ ነው። መከታ እንዲሠራ የሚያዝ ወረቀት ራሱ መከታ አይሆንም፤ ከጣራው ጫፍ የሚንሸራተት ሕፃን የሚይዘው እንጨት ወይም ድንጋይ ነውና።

የቆሼ ታሪክ ከዚህ የባሰ ጥያቄም ያነሣል። ክምሩ አደገኛ መሆኑ ያልታወቀ ነገር አልነበረም። እንዲያውም እሱን የሚተካ ዘመናዊ ማስወገጃ ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን ምሥራቅ በሰንዳፋ ተሠርቶ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ ነበር። የአካባቢው ገበሬዎች ግን ለመሬታቸው የተከፈላቸው ካሳ በቂ አለመሆኑን፣ ሽታውና ፍሳሹም ከብታቸውንና ውሃቸውን መጉዳቱን እያመለከቱ ተቃወሙ። በጥቂት ወራት ውስጥ ማስወገጃው ሥራ አቆመ፤ መኪኖቹም ወደ ቆሼ ተመለሱ። ከዚያ ዓመት ሳይሞላ ክምሩ ተናደ።

እዚህ ላይ ፈራጅ የሚሆን ሰው መቸኮል የለበትም። የሰንዳፋ ገበሬ ያልጣለውን ቆሻሻ በማሳው ላይ አልቀበልም ማለቱ ጥፋት ነውን? አይደለም። በቆሼ ግርጌ የሚኖረው ሰው ከክምሩ በታች መኖሩስ ምርጫው ነበርን? አልነበረም። ቆሻሻው የሁሉም ነው፤ የሚበዛውም ከሚበዛው ማዕድ የወጣ ነው። አደጋው ግን ከሁለት ድኾች ወደ አንዱ እንዲገፋ ሆነ። አደጋ እንደ ውሃ ነው፤ ሲገፉት ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይወርዳል፤ ዝቅተኛው ቦታ ደግሞ ድምፁ የማይሰማ ሰው የሚኖርበት ነው። አንድ ደንብ አደጋን ሳያጠፋ ከአንዱ ደጃፍ ወደ ሌላው ደጃፍ ብቻ ካዛወረ መከታ ሠርቷል አይባልም፤ የሚወድቀውን ሰው ለውጧል እንጂ።

ይህ ከሆነ ደንብ ራሱ የድኻ ጠላት ሊሆን እንደሚችል መካድ አይቻልም። ሰው በገደል አፋፍ፣ በወንዝ ዳር ወይም በክምር ግርጌ ጎጆ የሚቀልሰው ገደሉን ወዶ አይደለም። በሌሊት ተሠርታ ጎሕ ሲቀድ የምትታይ የጨረቃ ቤት የምትሠራው ሕግ በተናቀበት ብቻ ሳይሆን ቤት በታጣበት ከተማ ነው። እንዲህ ያለውን ቤት «ለደህንነትህ» ብሎ አፍርሶ፣ ወዴት እንደሚሄድ ሳይነግሩ ባለቤቱን ከሜዳ ላይ መተው ከናዳው አድኖ ለብርድ መስጠት ነው። ደህንነት የሚለው ቃል መሬቱን ለሚፈልግ ብርቱ መሸፈኛ ሆኖ ያገለገለበት ጊዜ በብዙ አገር ታይቷል። ያው አንቀጽ 44 በሁለተኛው ንዑስ አንቀጹ በመንግሥት ፕሮግራም ምክንያት የተፈናቀሉ ሰዎች ተመጣጣኝ ካሳ ወይም ሌላ አማራጭ፣ በቂ የመዘዋወሪያ ድጋፍም እንዲያገኙ መደንገጉ ስለዚህ ነው። «ተነሣ» የሚል ሕግ «ወዴት» ለሚለው ጥያቄ መልስ ከሌለው ግማሽ ሕግ ነው። የመከታው ትእዛዝ የእንጨቱን ዋጋ በማን ላይ እንደጣለ ማስተዋል ይገባል። በሚወጣው እንግዳ ላይ አልጣለም፤ ጣራው በሆነው ባለቤት ላይ ነው የጣለው።

የዚህ ዓይነቱ ሕግ ከውጭ የመጣ እንግዳ ነገር የሚመስለው ሰው ቢኖር ወደ መንዝ ይመልከት። በጓሳ ደጋ ያለው የሣር ምድር ከ400 ዓመት በላይ በአካባቢው ሕዝብ ሥርዓት ሲጠበቅ ኖሯል። ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለልዩ ልዩ አገልግሎት የሚውለው የጓሳ ሣር ሥፍራ ለዓመታት ይዘጋል፤ ሕዝቡ በመረጣቸው አለቆች ይጠበቃል፤ ሣሩ ሲደርስ በተወሰነ ጊዜ ይከፈታል፤ ሥርዓቱን የጣሰ ይቀጣል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት ሥሪቱ ሲለወጥ የቀድሞው አጠባበቅ ፈረሰ፤ ሣሩም ተጎዳ። ኋላ ግን ሕዝቡ አጠባበቁን በአዲስ መልክ አቋቁሞ ሥፍራው የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ሆኗል። የድሮው ሥርዓት እንከን አልነበረውም ለማለት አይደለም፤ መብቱ ርስት ባላቸው ላይ የተመሠረተ ስለነበረ ከውጭ የሚቀር ሰው ነበረ። ሆኖም ለዛሬው ጥያቄ አንድ ፍሬ ነገር ይሰጣል። ደንቡን የሚያወጣው፣ የሚጠብቀውና ደንቡ ሲጣስ ቤቱ የሚያፈሰው ሰው አንድ ነበር። ሕጉ በወረቀት ባይሰፍርም የኖረው ስለዚህ ነው። የቆሼ ሕግ በወረቀት ሰፍሮ ያልኖረው ደግሞ ሕጉን የጻፈው እጅ ከክምሩ ግርጌ የሚተኛ ሰው እጅ ስላልነበረ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚጨመቀው ነገር በአጭሩ ሲቀመጥ እንዲህ ነው። ሰው ላልወደቀው ሰው በእርግጥ ባለዕዳ ነው። ዕዳው የሚመነጨው ጣራ ከመሥራቱ፣ ጥራጊ ከመከመሩ፣ መሬት ከመያዙ እንጂ ሰው ከመውደቁ አይደለም። ዕዳውን የሚያስከፍል ደንብ ደግሞ ሦስት ፈተና ማለፍ አለበት። የመጀመሪያው፣ የሚያስጠነቅቅ ሰው ሲናገር መልስ የመስጠት ግዴታን በታወቀ ሰው ላይ መጣሉ ነው። ሁለተኛው፣ ወጪውን ጥቅሙን ባገኘው ላይ እንጂ በደካማው ላይ አለመጫኑ ነው። ሦስተኛው፣ አደጋው ቢደርስ የሚሞተውን ሰው ከሥራው መጀመሪያ አንሥቶ በሸንጎው ማስቀመጡ ነው። ከእነዚህ አንዱ የጎደለው ደንብ የቱንም ያህል በጥሩ ቋንቋ ቢጻፍ ከቀብር በኋላ የሚጠቀስ ሰነድ ሆኖ ይቀራል።

በኃላፊነት ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ሥራው የሚመዘነው በመረቃቸው ሕንፃዎች ቁጥር ይመስለዋል። መልስ ያገኙ ማስጠንቀቂያዎች ግን በሪፖርት ላይ ቦታ የላቸውም፤ ሊኖራቸው ይገባል። መምህሩም ተማሪው ስለ አደጋ ሲማር የሟቾችን ቁጥር ብቻ ሳይሆን ክምሩ ሲያድግ ማን ምን ያውቅ እንደነበረ እንዲጠይቅ ሊያሠለጥነው ይችላል። የኪነ ጥበብ ሰው ድርሻ ከሁሉም ይከብዳል። መድረክ በባሕርይው ውድቀትን ይወዳል፤ ልቅሶ ተመልካች ይሰበስባል፤ ቤት ሲፈርስ መጋረጃ ይከፈታል። ምንም ያልደረሰበት ቀን ግን ተውኔት አይወጣውም ይባላል። ይህን አባባል ማሸነፍ የሚችል ደራሲ ባለውለታ ነው። ደብዳቤውን የጻፈውን ተራ መሐንዲስ፣ ደብዳቤውን አንብቦ የተነሣውን ተራ ጸሐፊ፣ የተነሣውን ክምር፣ በማግሥቱም ጧት ምንም እንዳልሆነ በክፍላቸው ተቀምጠው ስማቸው ሲጠራ «አቤት» የሚሉትን ሕፃናት ማሳየት ይቻላል። ተመልካቹ ከሞት የተረፉ ልጆችን እንደሚያይ ቢገነዘብ፣ ያ «አቤት» የሚለው ድምፅ ከማንኛውም ሙሾ ይልቅ ልቡን ይነካዋል። ሕዝብም ለመከታ የሚከፍለውን ሳንቲም ሳያጉረመርም የሚከፍለው ያን ድምፅ መስማት የለመደ ዕለት ነው።